ጭነት በወደቡ ጥልቀት አይለካም

ባለፈው ክረምት የእድራችን ሒሳብ አንድ ሌሊት ሙሉ እንደ ተሰወረብን ታስታውሳላችሁ። ጥፋቱ የእኔ ነበርና ምክንያቱን ልናገር።

የወረቀቱን መዝገብ ዝናብ ስላበላሸው፣ መዋጮ የሚመዘግብ አነስተኛ ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጻፍሁ። ጁባ ወደብ አጠገብ በምሠራበት ሱቅ ኮምፒውተር ኮምፓይል አድርጌ፣ የሁሉንም ስምና ሒሳብ አስገብቼ፣ በፍላሽ ለገንዘብ ያዣችን አስረከብሁ። በዚያው ምሽት ሰው ሞተብን። ፕሮግራሙን ቢከፍቱት «ግሊብሲ 2.34 አልተገኘም» ብሎ እንቢ አለ። ማን ስንት እንዳዋጣ ሳይታወቅ ደግሞ የእድር ሣጥን አይከፈትም። ሐዘንተኞቹ ደጅ ተቀምጠው እኛ ከማሽን ጋር ስንሟገት ነጋ። ሁለቱም ሊኑክስ ናቸው፤ ታዲያ ምን ለያያቸው?

በማግሥቱ ወደብ ስደርስ፣ አንድ አዛውንት ጫኝ ጀልባው ገና ብዙ መያዝ ሲችል ጭነቱን አስቆሙ። ለምን ብላቸው፣ እዚህ ውሃው ጥልቅ ነው፤ ወደ ማላካል ሲወርድ ግን የሚሳሳበት አለ፤ የሚጫነው በዚያ ልክ ነው አሉኝ። የእኔም ስሕተት ያን ጊዜ ተገለጠልኝ።

ሊኑክስ ስሙ አንድ ቢሆንም ቤቱ ብዙ ነው። ኮምፓይል የተደረገ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን አይቆምም፤ ግሊብሲ በሚባለው የጋራ ላይብረሪ ይደገፋል። በሱቁ ኡቡንቱ 22.04 ላይ ያለው ግሊብሲ 2.35 ነው፤ በገንዘብ ያዣችን ዴቢያን 11 ላይ ያለው ግን 2.31 ነው። በአሮጌው ላይ የተሠራ በአዲሱ ላይ ይሄዳል፤ በአዲሱ ላይ የተሠራው ግን እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውን 2.34 ይጠይቃል፤ አሮጌው ደግሞ ከየት ያምጣ? አልፓይን የሚባለውማ ግሊብሲን ትቶ ሙስል በሚባል ሌላ ላይብረሪ ይሠራል። ፕሮግራሙ የሚያስፈልገውን ሁሉ አስሮ መላክም ይቻላል፤ ስንቁ ግን ይከብዳል።

የፕሮግራሙን ምንጭ ኮድ ይዤ ተመልሼ በዚያው አሮጌ ማሽን ላይ ኮምፓይል ባደርገው ወዲያው ተከፈተ። ቀብሩ ግን በብድር አቡጀዲ ተፈጽሞ ነበር፤ ገንዘቡ የደረሰው ለሠልስቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ፕሮግራም ከመስጠቴ በፊት ከሁሉ ያረጀው ማሽን የማን እንደ ሆነ እጠይቃለሁ፤ የምሠራውም በእርሱ ልክ ነው። የሒሳቡንም አንድ ቅጂ በወረቀት፣ ዝናብ በማይደርስበት ስፍራ አኖራለሁ።