ደፍሮ መናገርና የእንግሊዝኛው ተውሳከ ግሥ

እንግሊዝኛ የሚማር ሰው ከሰዋስው ክፍሎች ሁሉ ቀሎ የሚያገኘው ተውሳከ ግሥን ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ቅጽሉን ይዞ በስተመጨረሻው «ሊ» የምትለውን ድምፅ መጨመር ይበቃዋልና። «ቦልድ» ደፋር ሲሆን «ቦልድሊ» በድፍረት ይሆናል፤ «ብሬቭ» ጀግና ሲሆን «ብሬቭሊ» በጀግንነት ይሆናል፤ «ኮንፊደንት» በራሱ የሚተማመን ሲሆን «ኮንፊደንትሊ» በልበ ሙሉነት ማለት ነው። የሥፍራውም ነገር ብዙ አያስቸግርም፤ ብዙውን ጊዜ ከግሡ በፊት ወይም ከተሳቢው በኋላ ይገባል እንጂ በግሡና በተሳቢው መካከል አይሰነቀርም።

እኛ ግን እንደምናስበው በዚህ ትንሽ ደንብ አጠገብ አንድ ትልቅ ነገር ተሸሽጓል። ይኸውም የድፍረትን ስም ማወቅና ደፍሮ መናገር የተለያዩ መሆናቸው ነው። ከወለጋ ከተሞች በአንዱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ስንከታተል እነዚህን ቃላት በደብተራችን በተርታ ጽፈን በቃል አጥንተናቸው ነበር፤ በፈተናም ነጥብ አግኝተንባቸዋል። ነገር ግን መምህሩ «ተነሥታችሁ አንዲት ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ተናገሩ» ባሉ ጊዜ ክፍሉ ሁሉ አንገቱን ይደፋ ነበር። አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ አንድ ቃል አጣምሞ ቢናገር፣ ያ የተጣመመ ቃል እስከ ዓመቱ መጨረሻ ቅጽል ስሙ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ያ ልጅ እጁን ሲያነሣ አላየንም።

ምክንያቱን ከስንፍና ብቻ መቍጠር ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ዛሬ በመንግሥት ሥራ ላይ በምንገኝበት በኑኑ ቁምባ ያለ ልጅ በቤቱ አፋን ኦሮሞ ይናገራል፤ አማርኛን ይማራል፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮም የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ይሆናል። በአፋን ኦሮሞ ድፍረት «ኢጀ ጀቢና» ይባላል፤ ቃል በቃል ሲፈታ የዐይን ብርታት ማለት ነው። ይህ ልጅ ደግሞ በታላላቆቹ ፊት ዐይኑን ዝቅ እንዲያደርግ ተመክሮ ያደገ ነው። በአማርኛም «ደፋር» የሚለው ቃል ለወታደር ምስጋና ሲሆን ለልጅ ስድብ ነው። እንግዲህ በሦስት ቋንቋዎች መካከል የቆመ ልጅ «ቦልድሊ» ተናገር ሲባል፣ ጀግና ሁን ወይስ ባለጌ ሁን መባሉን በምን ይለየው?

እንግሊዝኛውም ራሱ ይህን ልዩነት ያውቀዋል። «ቦልድሊ» እንደ አነጋገሩ ለምስጋናም ለነቀፋም ይሆናል። «ብሬቭሊ» አደጋ ወይም ሥቃይ ባለበት ይነገራል እንጂ ሒሳብ ለደመረ ሰው አይነገርም። «ኮንፊደንትሊ» ማመን ከሚለው የላቲን ግሥ የወጣ ነው፤ ስለዚህ የሚታመኑበት ዕውቀት ይሻል። «ከሬጅ» የተባለውም የጀግንነት ስም ልብ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ስለ ሆነ ከእኛ «ልበ ሙሉ» ጋራ ዘመድ ይመስላል። ደንቡን የሚያፈርስም አለ፤ «ካወርድሊ» በ«ሊ» ቢጨርስም ፈሪ ማለት የሆነ ቅጽል ነው፤ እንደ ሌሎቹ ተውሳከ ግሥ ነው ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ይሳሳታል።

የአማርኛችን ጠባይ ግን ከዚህ ሁሉ ልዩ ነው። «በድፍረት ተናገረ» ማለት ቢቻልም፣ አፋችን የሚቀናው «ደፍሮ ተናገረ» ማለት ነው። «ደፍሬ፣ ደፍረሽ፣ ደፍራ፣ ደፍረው» እየተባለ ቃሉ ባለቤቱን ይዞ ይሄዳል። «ቦልድሊ» ለሁሉ አንድ ነው፤ የማን ድፍረት እንደ ሆነ ብቻውን አይናገርም። በእኛ ቋንቋ ድፍረት ከንግግሩ በፊት በተናጋሪው የሚፈጸም ሥራ ነው።

ለዚህም ምስክር ለመጥራት ከወለጋ መውጣት አያስፈልገንም። ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነታቸው ለባርነት ተሸጠው፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1870 በምጽዋ ነጻ ወጡ። እንደ እርሳቸው ከባርነት ነጻ ከወጡት ከአስቴር ጋኖ ጋራ ደክመው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮሞ ቋንቋ መለሱት፤ ሙሉው መጽሐፍም በ1899 በስዊስ አገር ታተመ። በ1904 ነቀምቴ ገብተው ልጆችን በገዛ ቋንቋቸው አስተማሩ። ይህን ሥራ በድፍረት የተሠራ ብንለው ይገባዋል። ነገር ግን ቃሉን የምንጨምረው እኛ ምስክሮቹ ነን፤ ለሠሪው ግሡ ብቻ ይበቃዋል፤ ተረጐሙ፣ አሳተሙ፣ አስተማሩ።

ይህን ይበልጥ ያስተዋልነው አንዲት ወጣት በእንግሊዝኛ የጻፈችውን የሥራ ማመልከቻ እንድናይላት ባመጣች ጊዜ ነው። በአንድ ገጽ ውስጥ «ኮንፊደንትሊ» 3 ጊዜ ተጽፏል፤ ምን ሠርታ እንደምታውቅ ግን አንድም አልተጻፈም። ብንጠይቃት፣ በአንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ 2 ዓመት የገቢና የወጪ መዝገብ ይዛ ኖራለች። ሦስቱን ቃላት ሰርዘን ይህንኑ እንድትጽፍ ነገርናት።

«ጋሼ፣ ቃሉ ከወጣ ፈሪ አልመስልም?» አለችን።

«አንቺ 2 ዓመት መዝገብ ይዘሻል፤ ይህን በአጭሩ ተናገሪ፤ ድፍረትሽን እነርሱ ይናገሩልሽ» አልናት።

ማመልከቻዋ ወደ ግማሽ ገጽ ወረደ፤ ስታነበው ግን ድምፅዋ ከፍ አለ።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፣ ተውሳከ ግሡን ማስተማራችሁ መልካም ነው። ከዚያም ጋራ ተማሪው የጀመረውን ዐረፍተ ነገር እስኪጨርስ ታግሣችሁ ብትሰሙት፣ የሚሥቅበትንም ብትገሥጹት፣ እርማቱንም ከጨረሰ በኋላ ብትሰጡት፣ በደብተሩ የጻፈው ቃል ወደ አንደበቱ ይወጣል። ተማሪዎችም ይህን አትርሱ፦ የተሳሳተ ዐረፍተ ነገር ይታረማል፤ ያልተነገረውን ግን ማን ያርመዋል?