ሳይፈረም በር አላንኳኳም

ፕሮፎርማ ሳይደርሰው አንድ ብር የማይልክ ነጋዴ ብዙ አውቃለሁ። ሞያሌ ላይ ዕቃ ሲረከብ ካርቶኑን አስከፍቶ ይቆጥራል፣ ከትራንዚተሩ ጋር ደረሰኝ በደረሰኝ ይተሳሰባል። ይኸው ሰው ቤት ሊገዛ ሲል ግን "አንቺ ብቻ አይተሽ ንገሪኝ፣ ያልሽው ይበቃኛል" ብሎ ነገሩን በስልክ ይጨርሰዋል። የዕድሜ ልክ ጥሪት የሚወጣበትን ነገር በቃል!

በአዲስ አበባና በናይሮቢ መካከል ስመላለስ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ቤት ማየት የጀመርኩት ውጭ አገር ላለ ዘመድ ነበር፤ ወሬው ሲዳረስ ከኩዌትም ከዱባይም ከኢስሊም የሚደውልልኝ በዛ። መሐንዲስ አይደለሁም። የማየው ጠንቃቃ ገዢ ራሱ ቢመጣ የሚያየውን ነው። ኮርኒሱ ላይ የውሃ ምልክት አለ ወይ? ግድግዳው ተሰንጥቋል ወይ? ቧንቧው ሲከፈት ውሃ ይመጣል ወይ? የመብራት ቆጣሪው የራሱ ነው ወይስ የጋራ? ፍሳሹ የት ይሄዳል? እነዚህን አይቼ፣ ፎቶ አንስቼ፣ ጽፌ እልካለሁ። ውል ሳይፈረም ግን ከቤቴ አልነሳም።

በዚህ የሚቀየመኝ አለ። "ዘመድ ለዘመድ ወረቀት ምን ያደርጋል?" ይሉኛል። እኔ ደግሞ ወረቀቱ በተለይ ለዘመድ ነው ባይ ነኝ። ከማያውቁት ሰው ጋር ቢጣሉ ገንዘብ ይጠፋል፤ ከዘመድ ጋር ሲጣሉ ግን ለቅሶ መድረስም ይቀራል።

ለምን ከማየቴ በፊት? ቤቱ ከመታየቱ በፊት ማንም የሚደብቀው ነገር ስለሌለ ነው። ከታየ በኋላ ግን ሁሉም የሚፈልገው ነገር ይኖረዋል። ሻጩ ስንጥቁ እንዳይጻፍ ይፈልጋል፣ ደላላው ሽያጩ ቶሎ እንዲያልቅ ይፈልጋል፣ ገዢዋም ልቧ ቤቱ ላይ ካረፈ "ብዙም አይከፋም" እንድላት ትፈልጋለች። ያኔ ስለ ውል ቢወራ ጭቅጭቅ ነው። ዕቃ ቢበላሽ ይመለሳል፤ የተነገረ ነገር ግን አይመለስም። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይባል የለ።

አንድ ላጫውታችሁ። ኩዌት አሥራ አንድ ዓመት በሰው ቤት የሠራች እህት ሐዋሳ ላይ ቤት ልትገዛ ደወለችልኝ። ቤቱን የመረጠላት ወንድሟ ነው። ውሉን ላክሁላት፤ ቅር እያላት ፈርማ መለሰችው። ሐዋሳ ስደርስ ከአራቱ ክፍሎች አንዱ ተቆልፏል። "ተከራዩ ቁልፉን ይዞ ገጠር ሄዷል" አሉኝ። ውላችን "ያልተከፈተ ክፍል ያልታየ ተብሎ ይጻፋል" ይላልና እንደዚያው ጻፍኩ። ወንድሟ ሰማና ደወለልኝ፤ "እሷን አታስደንግጫት፤ ለእኔ ንገሪኝ፣ እኔ አስረዳታለሁ" አለኝ። ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ ከደላላው ጋር ቃል ተግባብቶ ተጣድፎ ነው። ውል ባይኖር ኖሮ ምን እመልስለት ነበር? እምቢ ብለው እህትና ወንድም መሐል ገባች እባላለሁ። እሺ ብለው ደግሞ የእሷ ላብ ነው። "ወንድሜ፣ የፈረመችው እሷ ናት፤ ሪፖርቱ ለፈረመው ብቻ ይላል" አልኩት። አልተጣላንም። እሷም ክፍሉ ሳይከፈት ቀብድ አልሰጥም አለች። ከሳምንት በኋላ ሲከፈት የኋለኛው ግድግዳ እስከ ጉልበት ድረስ ውሃ ጠጥቷል። ቤቱን ተወችው አላልኩም፤ ማሳደሻውን ከዋጋው አስቀንሳ ገዛችው። ግን አውቃ ገዛችው።

ቀብዱን መያዟ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል። እዚያው ሕግ ላይ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ መሆን አለበት። ኬንያም የመሬት ሽያጭ ውል በጽሑፍ፣ በፊርማና በምስክር ነው። እኔ ለምሰጠው ዓይነት አገልግሎት ግን ሕጉ የግድ ጽሑፍ አይልም፤ በቃልም ውል ነው። ችግሩ ያለው ማስረዳቱ ላይ ነው። በስልክ የተባለውን ማን ይመሰክራል?

የእኔ ውል አንድ ገጽ ብቻ ነው። አምስት ነገር ይዟል፦

አንደኛ፣ የማየው ቤት አድራሻና የማየው ነገር ዝርዝር።

ሁለተኛ፣ የማላየው። መሠረቱን አልቆፍርም፣ ግድግዳ አላፈርስም፣ ካርታው ላይ ዕዳ ወይም እገዳ መኖሩን አላጣራም። ይህን ባለቤቱን ይዞ ወይም ሕጋዊ ውክልና ባለው ሰው በኩል ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማጣራት ነው።

ሦስተኛ፣ ክፍያ። ግማሹ ከመሄዴ በፊት፣ ግማሹ ሪፖርቱ ሲደርስ። ቤቱ ተገዛም ቀረም ያው ነው፤ ከሻጭም ከደላላም አንድ ብር አልቀበልም። ክፍያዬ ከሽያጩ ጋር ከታሰረ ዓይኔም አብሮ ይታሰራል።

አራተኛ፣ ሪፖርቱ ለማን እንደሚደርስ። በስም።

አምስተኛ፣ ያየሁበት ቀን። በበጋ የታየ ጣሪያ ስለ ክረምቱ ብዙ አይናገርም።

ሩቅ ያለ ሰው አትሞ ይፈርምና ፎቶውን ይልክልኛል፤ እኔም ፈርሜ እመልሳለሁ። ማንበብ ለሚያስቸግራት እህት ውሉን ከላይ እስከ ታች በድምፅ አንብቤ እልክላታለሁ፣ የገባትንም በራሷ አንደበት መልሳ ትነግረኛለች። ሳትረዳው የፈረመችው ወረቀት ለእኔም አይጠቅመኝም።

"ሌላ ገዢ መጥቷል፣ ዛሬ ካላየሽው ያመልጣል" የሚል ስልክ ሁልጊዜ ይደወላል። አንድ ገጽ አንብቦ ለመፈረም ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ግማሽ ሰዓት የማይጠብቅ ሻጭ ካጋጠማችሁ እሱን ራሱን ሪፖርቱ ላይ ጻፉት። ለሰው ቤት የምታዩ፣ ዕቃ የምትመርጡ፣ መኪና የምትፈትሹ እህቶችና ወንድሞች፣ የማን ዓይን እንደሆናችሁ ሳትሄዱ በፊት በወረቀት ይታወቅ።