ጎን ለጎን

ወልቂጤ ከጅማው መንገድ ትንሽ ገባ ሲሉ፣ ቡታጅራም በመንደሮቹ ውስጥ፣ የጎል ጩኸት የሚወጣበት ጠባብ ክፍል አይጠፋም። ጌም ቤት ነው። ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን፣ ከፊቱ ስፖንጁ የሰመጠ ሶፋ፣ ሁለት ጆይስቲክ። የሚጫወቱት ሁለት ናቸው፤ ከኋላ ቆሞ የሚያይ፣ የሚመክር፣ ተራ የሚጠብቅ ግን ብዙ ነው።

ስለዚህ ቤት በጎ ሲነገር እምብዛም አይሰማም። ወላጅ «የዱርዬ መዋያ» ይለዋል፤ መምህርም ተማሪ ሲቀርበት መጀመሪያ የሚጠረጥረው እሱን ነው። ጥርጣሬው ከመሬት አልተነሳም። በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ አስገብቶ ገንዘብ የሚቀበል ባለቤት ጥፋተኛ ነው፤ በውርርድ የሚያጫውትም እንደዚያው። ለእነሱ አልሟገትም። የምሟገተው ለሶፋው ነው፤ ሁለት ልጆች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው አንድ ስክሪን ለሚያዩበት ቦታ።

አቀማመጡን ያመጣው ማሽኑ ራሱ ነው። ሶኒ ፕሌይስቴሽን 2ን እ.ኤ.አ. በ2000 ሲያወጣ ፊቱ ላይ የነበሩት የጆይስቲክ መሰኪያዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ገመዱም ተጫዋቾቹ እንዲራራቁ አይፈቅድም። ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጦ ምርቱ በ2013 ቢቆምም፣ በእኛ አገር ጌም ቤቶች እየተጠገነ ከዚያም በኋላ እንጀራ አብልቷል። የልጆቹ ጣት የተማረው በእሱ ላይ ነው። ፔስ በተባለው የኮናሚ የእግር ኳስ ጌም ያደገ ልጅ ጎል የሚመታው በስኩዌር ቁልፍ ነው፤ ክቡ ኳስ ያሻማል። በፊፋ ጌም ግን ተገላቢጦሽ ነው፦ ምቱ ክቡ ላይ፣ ማሻማቱ ስኩዌር ላይ። ስለዚህ ፊፋ የለመደ የአዲስ አበባ ልጅ ለመስቀል መጥቶ ፔስ ሲይዝ፣ ባዶ ጎል ፊት ደርሶ ኳሷን ወደ ሰማይ ያሻማታል። ሶፋው በሳቅ ይናወጣል።

ወልቂጤ ከተማ በ2012 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ሲገባ የከተማው ልጅ ሁሉ ስለ ክለቡ፣ ስለ «ሠራተኞቹ»፣ ያወራ ነበር። ጌሙ ውስጥ ግን የኢትዮጵያ ሊግ የለም፤ ልጁ አርሰናልን ወይም ማንቸስተርን ይመርጣል። ፔስ የቡድን ስምና ማሊያ መቀየር ያስችል ስለነበር፣ ትዕግሥት ያለው ልጅ የአንዱን የማይታወቅ የአውሮፓ ክለብ ስም አጥፍቶ «ወልቂጤ» ብሎ በላቲን ፊደል ሊጽፍበት ይችላል። ይህችን ትዕግሥት እወዳታለሁ።

መብራት ሲሄድ ደግሞ የቤቱ ሌላ ገጽታ ይወጣል። ሁለት ለዜሮ የሚመራው ልጅ ደረቱን ነፍቶ ሳለ ስክሪኑ ድርግም። ማሽኑ ያልተጠናቀቀ ጨዋታ ውጤት አያስቀምጥም፤ የሚያስቀምጠው ከኋላ የቆመው ሰው ነው። ስንተኛ ደቂቃ ላይ ነበር? ቀይ ካርድ ወጥቶ አልነበር? ተመሪው «ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላም» ይላል፣ መሪው ምስክር ይጠራል። ስለ ጉራጌ ባህላዊ ሕግ፣ ስለ የጆካ ቂጫ፣ ሲነገር እየሰሙ ያደጉ ናቸውና፣ ጠብን በምስክርና በዳኛ መጨረስ አይከብዳቸውም። በዕድሜ ከፍ ያለው ይፈርዳል፤ ወይ ይደገማል፣ ወይ ተሸናፊ ይከፍላል። የከፋው እያጉረመረመ ይከፍላል፤ ነገ ተመልሶ ይመጣል።

ዓለም ግን ከሶፋው እየተነሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ሄሎ 5 የተባለ ጌም ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ አንድ ክፍል ውስጥ አብሮ መጫወትን ጨርሶ አስቀረ። ፔስም በ2021 ስሙን ኢፉትቦል ብሎ ዋና ቤቱን ኢንተርኔት ላይ ሠራ። አሁን ልጁ በስልኩ ስሙን ከማያውቀው፣ ፊቱን ከማያየው ሰው ጋር ይገጥማል፤ ሲሸነፍ ስልኩን ዘግቶ ይተኛል። ሶፋው ላይ እንዲህ መጥፋት አይቻልም። ጎል ያገባብህ ልጅ ክርኑ ክርንህን እየነካ ነው። ተነስተህ ጆይስቲኩን በእጅህ ለባለ ተራው ታቀብላለህ፣ ከኋላ ቆመህ የእሱን ጨዋታ ታያለህ። አፍረህ የቆምክበትን ቦታ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያሸነፈህ ልጅ ይይዘዋል።

የጉራጌ መንደር ለዚህ ዓይነት መገናኘት ቦታ ነበረው። ጀፎረ በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል የተዘረጋ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው፤ የጋራ ስለሆነ ማንም ሊያርሰው፣ ሊያጥረው አይፈቀድም። ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ሸንጎ፣ የልጆች ጨዋታ ሁሉ እዚያ ነው። ከተማዎቻችን ሲስፋፉ ለሱቅና ለጋራዥ ቦታ ተገኘ፤ ለጀፎረ ግን አልተተወም። ጌም ቤቱ በክፍያ የሚገቡበት፣ የአንዲት ክፍል ስፋት ያላት ጀፎረ ሆነ። ልጆቹን «እዚያ ምን ትሠራላችሁ?» ብለን ከመቆጣታችን በፊት ሌላ ምን ቦታ እንዳሳየናቸው እናስብ።

በጣም የሚቆረቁረኝ ግን የሴቶቹ ነገር ነው። ጀፎረ ላይ ሴት ልጅም ትሮጣለች። ጌም ቤቱ በር ላይ መጋረጃ ተጥሏል፤ ውስጡ ወንድ ብቻ ነው፣ የምትገባ ልጅ ብትኖር እንኳ ከማግስቱ ጀምሮ ስሟ ይነሳል። እህቶች ጆይስቲክ የሚይዙት ለመስቀል ከመርካቶ የሚመጣው ወንድም ማሽኑን ከሻንጣው ጋር ይዞ ከገባ ብቻ ነው። ክትፎው ተበልቶ ትልልቆቹ ጨዋታ ሲይዙ፣ ለእንግዳ ብቻ የሚፈቀደው የሳሎን ሶፋ ለልጆቹ ይለቀቃል። ያን ጊዜ አይቻለሁ፤ ኤክስ ፓስ መሆኑ አንዴ የተነገራት ልጅ ታላቅ ወንድሟን ለማስጨነቅ ብዙ ጊዜ አይፈጅባትም። መስቀል ሲያልፍ ማሽኑ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል፤ ወንዶቹ ወደ ጌም ቤት ይሄዳሉ፣ እሷ ግን የምትሄድበት የለም። መጋረጃውን አንስቶ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ጥቂት ሰዓት ለሴት ልጆች የሚመድብ ባለቤት ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ላይ ከተገኘ፣ የመጀመሪያዎቹን ደንበኞች ከእኛ ቤት እልክለታለሁ።