ከወደቡ ወዲያ ያለች ከተማ

በግንቦት መጨረሻ ከጎጃሟ ከተማችን ከሽንዲ ተነሥቶ በአህያ ጀርባ ወደ ወምበርማ ገጠር ቀበሌዎች የሚገባው ማዳበሪያ ባሕር አይቶ የመጣ ነው። ከመርከብ ሆድ በጅምላ ይራገፋል፤ ወደቡ ላይ በየከረጢቱ ተሞልቶ ይሰፋል፤ ተሳቢ ላይ ተጭኖ ጋላፊን ያልፋል፤ ከዚያ አፋርን አቋርጦ ደጋውን ወጥቶ ቡሬ ይደርሳል። ዘር መዝሪያው ደርሶ ማዳበሪያው የዘገየ እንደሆነ ገበሬው ኅብረት ሥራው ደጅ ቆሞ «ገና ጅቡቲ ነው አሉ» ይባባላል። እኔም የከተማዋን ስም መጀመሪያ የሰማሁት እንዲያ ነው። ጅቡቲ ማለት ዕቃ የሚቆምበት ቦታ ነበር፤ ሰው የሚኖርበት መሆኑን ያሰበ በመካከላችን አልነበረም።

ዛሬ እዚሁ እኖራለሁ፤ የትራንዚት ሥራ ነው ያመጣኝ። አገራችን ከውጭ ከምታስገባው ዕቃ ከዘጠኝ አሥረኛው በላይ በዚህች ከተማ በኩል ያልፋል። ሾፌሮቻችን ከመሀል ከተማ ወጣ ብሎ ፒኬ 12 በሚባለው ሰፈር መኪናቸውን አቁመው ተራ ይጠብቃሉ፤ ወረቀታቸው ሲያልቅ ጭነው ይመለሳሉ። ከአንድ መንገደኛ ብዙ አይጠበቅም። ግን መንግሥታችን፣ ጋዜጦቻችን፣ እኛም እዚህ የምንሠራው ጭምር ጅቡቲን በሾፌሩ ዓይን ብቻ ማየታችን ያሳዝነኛል። አንድ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት፣ አብዛኛው ሕዝቧም በዋና ከተማዋ የሚኖር አገር ናት። የራሷ ወቅት፣ የራሷ ምግብ፣ የራሷ ወፍ አላት።

ደገኛን የሚፈትነው መጀመሪያ ሙቀቱ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ከተማዋ ትነድዳለች። በሐምሌ ቀኑ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴም ካምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ከምድረ በዳው አቧራ አዝሎ ይነፍሳል። ያን ጊዜ ሽንዲ ላይ ሰው ጋቢ ደርቦ እሳት ዳር ይቀመጣል፣ ማሳው ጭቃ ነው፣ የበርበሬ ችግኝ ከመደብ ወደ ማሳ የሚዛወርበት ሰሞን ነው። እዚህ ግን በር ከፍቶ መውጣት ራሱ ውሳኔ ይጠይቃል። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ደግሞ ሌላ አገር ይመስላል። ነፋሱ ከባሕር ይመጣል፣ ማታ ማታ ቤተሰቡ ሁሉ ሲየስታ ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ይወጣል፣ ልጆች እግር ኳስ ይጫወታሉ። ስለ ጅቡቲ ሙቀት ብቻ የሚያወራ ሰው ግማሹን ዓመት አላየውም።

ቀኑም የተሠራው በሙቀቱ ልክ ነው። ሥራ በማለዳ ይጀመራል፤ ከቀትር በኋላ ሱቁ ይዘጋል፤ ወደ ዐሥር ሰዓት ግድም እንደገና ይከፈታል። መሀሉን የሚገዛው ጫት ነው። ከምሥራቅ ኢትዮጵያ ማለዳ የተቆረጠው ጫት እኩለ ቀን ላይ ሲደርስ መኪኖች እየጮኹ ያከፋፍሉታል፤ በየመንገዱ ዳር ጠረጴዛ የዘረጉ ሴቶች እርጥብ ጨርቅ አልብሰው ይሸጡታል። ወንዶቹ መብረዝ ወደሚሉት የመቃሚያ ክፍል ይገባሉ። ብዙ የቤት ገንዘብ እንደሚበላ የከተማዋ ሴቶች ራሳቸው ይናገራሉ፤ የሚሸጡትም እነሱ ናቸውና ነገሩ ቀላል አይደለም። ዐርብና ቅዳሜ የዕረፍት ቀን ነው። እሑድ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ኦርቶዶክሳዊው ሠራተኛ ሌሊት ተነሥቶ ቅዳሴ ያስቀድስና ከዚያው ወደ ቢሮ ይሄዳል።

እናቴ ስትደውል ከሰላምታው ቀጥላ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው።

«ልጄ፣ ዝናብ ጣለላችሁ?»

«አልጣለም፣ እማዬ።»

«አየ! ታዲያ ሰዉ ምን ይበላል?»

ጥያቄዋ ትክክል ነው። ከተማዋ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከ200 ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ በወምበርማ አንድ ጥሩ ሐምሌ ብቻውን ይበልጠዋል። የሚበላው ከኢትዮጵያ ይመጣል። ቲማቲሙ፣ ሽንኩርቱ፣ ድንቹ፣ ሙዙ፣ ከብቱ፣ ሁሉም ድንበር ተሻግሮ ነው የሚገባው። ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ የመብራቱ ትልቅ ድርሻ ከእኛ ግድቦች በመስመር ይመጣል። ከእ.ኤ.አ. 2017 ወዲህ ደግሞ ውሃው ሳይቀር ከሶማሌ ክልል፣ ሀደጋላ ከሚባል ስፍራ፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ በቧንቧ ተጉዞ ይደርሳል። እኛ ማዳበሪያችንን ከእነሱ ወደብ እንደምንጠብቅ እነሱም ጎመናቸውን ከእኛ መኪና ይጠብቃሉ። መንገድ የተዘጋ ዕለት የአትክልት ተራው ጠረጴዛ ወዲያው ይራቆታል፤ ይህን እያየሁ «ወደብ የሌላት አገር» የሚለው ሐዘናችን ግማሽ እውነት ብቻ እንደሆነ ገብቶኛል።

ዝናብ የመጣ ዕለት ደግሞ እንደ ደጋ ዝናብ አይደለም። በኅዳር 2012 ዓ.ም. የሁለት ዓመት ዝናብ በአንድ ቀን ወርዶ ሰፈሮች በጎርፍ ተዋጡ፤ ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። በቆርቆሮ የተሠሩት የባልባላ ሰፈር ቤቶች ፀሐይን እንጂ ውሃን አስበው የተተከሉ አይደሉም።

የከተማዋ እምብርት የሐሙዲ መስጊድ ያለበት አደባባይ ነው። መስጊዱ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። ከዚያ ወዲህ ቅኝ ገዢዎቹ ፈረንሳዮች የሠሩት፣ በረንዳው በቅስት የተጌጠው ነጭ ሰፈር ይቀጥላል፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ በቁጥር የሚጠሩት ሰፈሮች አሉ። አሁን የነጻነቱን ቀን፣ ጁን 27ን (እ.ኤ.አ. 1977) በስሙ የያዘው አደባባይ የቀድሞ ስሙ ምኒልክ ነበር፤ አሮጌ ሰዎች እስካሁን እንዲያ ይሉታል። ከዚህች ከተማ የተነሣው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ለስደት የወጡትም በዚሁ ሐዲድ መጥተው ከዚሁ ወደብ በመርከብ ነው።

አማርኛ በየሱቁ ይሰማል። ሱማልኛ፣ አፋርኛ፣ ዐረብኛና ፈረንሳይኛ በሚደባለቁበት ገበያ አንዲት የአፋር ባለሱቅ «ና ወንድሜ፣ ምን ልስጥህ?» ብላ ስትጣራ የሰማ ሰው ባዕድ አገር መሆኑን ለአፍታ ይዘነጋል። ጠዋት ጠዋት ላሖሕ ይበላል፤ ዓይን ያለው፣ ስስ፣ ከእንጀራ ያነሰ፣ ከማር ወይም ከጉበት ጋር የሚቀርብ ነው። እኔ ግን ይህችን ከተማ የወደድኩት በየመኖቹ ዓሣ ነው። ዓሣውን ሰንጥቀው ይዘረጉትና በርበሬና ቅመም ቀብተው ጥልቅ የሸክላ ምድጃ ውስጥ አውርደው ይጠብሱታል፤ ከዚያው ምድጃ ግድግዳ ላይ የተላጠ ትኩስ ሰፊ ቂጣ ይጨመርበታል። በእጅ ነው የሚበላው። እኛ ሽንዲ ዓሣ የምናውቀው በወሬ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም፤ አሁን በርበሬው የማን እንደሆነ በጣዕሙ ለመለየት እሞክራለሁ።

ባሕሩን መልመድ ጊዜ ይወስዳል። ወንዝ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል፤ ባሕር ግን ይመጣና ይመለሳል። ውሃው ሲሸሽ ከተማዋ ዳር ያለው ጭቃ በሰፊው ይገለጣል፤ ሸርጣኖች ከየጉድጓዳቸው ይወጣሉ፣ ረጃጅም እግር ያላቸው ፍላሚንጎዎች አንገታቸውን ደፍተው ይለቅማሉ። ከኋላቸው የወደቡ ክሬኖች ይታያሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ከከተማዋ በስተምዕራብ፣ አርታ ዳርቻ፣ ነጠብጣብ ያላቸው እጅግ ግዙፍ ዓሦች ይመጣሉ። የሻርክ ወገን ናቸው፤ ሰው ግን አይነኩም፤ አፋቸውን ከፍተው ከውሃው ላይ ጥቃቅን ነፍሳት እያጣሩ ይኖራሉ። ፈረንጆች ለእነሱ ሲሉ ውቅያኖስ ተሻግረው ይመጣሉ፤ ሾፌሮቻችን ከዚያ ብዙም በማይርቅ ስፍራ ተኝተው ተራ ይጠብቃሉ።

ከሁሉ ግን ልቤን የነካው ደን ነው። ከታጁራ በላይ፣ ጎዳ ተራራ ላይ፣ 1500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ዳይ የሚባል ስፍራ አለ። መንገዱ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው። ከዚያ አየሩ ይቀዘቅዝና ጥድ ይመጣል፤ ያ በጎጃም አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ የቆመው፣ የእኛው የሐበሻ ጥድ ነው። ቅርፊቱን ቀርፌ አሸተትሁት። ግን አብዛኛው ደርቋል፤ ግራጫ ግንዱ እንደቆመ ነው። ድርቅ፣ የከብት ግጦሽና የማገዶ ቆረጣ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ተባብረውበታል፤ ከስሩ የሚተካው ችግኝ ጥቂት ነው። በዓለም ላይ ከዚህች አገር በቀር የትም የማይገኝ የቆቅ ዝርያ በዚህ ደንና በአጎራባቹ ማብላ ተራራ ይኖራል። ቆቅ በገብስ ማሳ ዳር ስትጮህ ሰምቶ ላደገ ሰው፣ የመጨረሻ መጠጊያዋ የሞተ ጥድ ሥር ሆኖ ማየት ከባድ ነው።

ከታጁራ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ኦቦክ አለ፤ ከዚያም አልፎ ባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ፣ ወርዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። በጥቅምት ንስሮችና ጭልፊቶች ከየመን ተነሥተው ይህን ወሽመጥ ይሻገራሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 የተደረገ ቆጠራ በአንድ መጸው ብቻ ሩብ ሚሊዮን ገደማ አሞራ መዝግቧል። ከፊሎቹ ወደ ደጋችን ዘልቀው ኑግ ባበበበት፣ ጤፍ በሚታጨድበት ሰማይ ላይ ይከርማሉ። በተቃራኒው አቅጣጫ የእኛ ልጆች ይሄዳሉ። ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሐረርጌ፣ ከጎጃምም በእግር በረሃውን አቋርጠው ኦቦክ ይደርሱና ሌሊት ጀልባ ላይ ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ጎዶሪያ በሚባለው ዳርቻ አቅራቢያ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ያ ዳርቻ የማንግሮቭ ዛፍ የበቀለበት፣ ውሃው ጥርት ያለ፣ ውብ ስፍራ ነው።

ከሽንዲ የሚደውሉልኝ ወጣቶች ስለ ከተማዋ አይጠይቁኝም። የሚጠይቁኝ ከኦቦክ የመን ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ነው። ሰዓቱን አልነግራቸውም። ዳርቻው ላይ ድንጋይ ተከምሮባቸው ስማቸው ሳይታወቅ የተቀበሩ እንዳሉ፣ ከእነሱም መካከል የሰፈራችን ልጅ ላለመኖሩ ማንም ማረጋገጫ እንደሌለው እነግራቸዋለሁ። ደላላው የሚነግራቸው ዋጋውን ብቻ ነው።