ሰሚ ያለው ንባብ፦ ከእንጅባራና ከዳንግላ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስና በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ቲሊሊን እንዳለፈ አየሩ ይለወጥበታል። መስኮት ይዘጋል፣ ጋቢና ሹራብ ከሻንጣ ይወጣል። ከመንገዱ ዳር ቀርከሃ ይታያል፤ ፈረሰኛው ጋቢውን ደርቦ፣ መኪናው ሲያልፈው ዘወር ብሎ እንኳ ሳያይ መንገዱን ይቀጥላል። ይህ የአዊ ምድር ነው። መንገደኛው ብዙውን ጊዜ ዘንገና ሐይቅን ቆም ብሎ ያያል፣ ፎቶ ይነሣል፣ እንጅባራ ላይ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። እኔ በ2014 ዓ.ም. ጥር ወር ወርጄ ሰነበትኩ።

ስለ አዊ ሲነሣ ቶሎ የሚታወሰው ፈረስ ነው። ተገቢም ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር፣ በዓድዋ የዘመቱት ፈረሰኞችም ፈረሶቻቸውም አብረው ይዘከራሉ። እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በከተማችን ስለ ንባብ ሲወራ ጥያቄው ሁሉ ስለ ቁጥር ሆኗል፦ በዓመት ስንት መጽሐፍ? በወር ስንት ገጽ? የተነበበው ነገር ሰውየውን ምን አደረገው ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ጎጃም ለዚህ ጥያቄ የቆየ መልስ አለው፤ መልሱን ቀርቤ ማየት ፈለግሁ።

ከዳንግላ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ደብር የቅኔ ጉባኤ ቤት አገኘሁ። ከረፋዱ ላይ ቅጥሩ ጭር ብሏል። ተማሪዎቹ የሉም ብዬ ልመለስ ስል አንዱን ከጽድ ሥር አየሁት። ደበሎውን ለብሶ፣ ፊቱን ወደ ግንዱ አዙሮ፣ በያዘው ጭራሮ መሬቱን ይጭራል። ዕድሜው ከአሥራ አምስት አይበልጥም። ሰላም ብዬው ጥቂት ጠየቅሁት። በትሕትና መለሰልኝና ዝም አለ። እኔ ግን መጠየቄን አልተውኩም። በመጨረሻ አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሼ፣ ቅኔ ከሰው ጋር አይቆጠርም» አለኝ። ይቅርታ ጠይቄ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ነው ሌሎቹንም ያየኋቸው፤ አንዱ ከካቡ ኋላ፣ አንዱ ከቁጥቋጦው ሥር፣ ሁሉም ለየብቻቸው።

የቅኔ ተማሪ ወረቀት አይዝም። ግሱንና አገባቡን ከመምህሩ ሰምቶ በቃሉ ያጠናል፤ ከዚያ ሰዋራ ቦታ ይሄድና የራሱን ቅኔ በልቡ ይቆጥራል። ባለ ሁለት ቤት ከሆነችው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እየበሰለ ሲሄድ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ላይ ይደርሳል። የሌላ ሰው ቅኔ አምጥቶ የራሴ ነው ማለት ነውር ነው። የራስንም ቢሆን አንዴ የተነገረውን መልሶ መንገር ያሳፍራል። ስለዚህ ትናንት ያሰበው ለዛሬ አያገለግለውም፤ ዛሬ እንደገና ማሰብ አለበት።

ከቀትር በኋላ ነገራው ተጀመረ። የኔታ መደቡ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ያ ልጅ ተራው ሲደርስ ቀርቦ እጅ ነሣና ጉባኤ ቃናውን ተናገረ። የኔታ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ሰሙት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ሰሙን አየሁት፤ ወርቁ ወዴት አለ?» አሉት። ልጁ መልስ አልነበረውም። አልተቆጡትም፤ «ሂድ፣ ተመልሰህ እየው» ብቻ አሉት። በማግስቱ ያንኑ ሐሳብ ከሌላ ምሳሌ ጋር አስማምቶ መጣ። የኔታ አንዲት ግስ ለወጡለትና «ይበል!» አሉ። ጓደኞቹም «ይበል! ይበል!» ብለው ተቀበሉት። የልጁ ፊት እንዴት እንደበራ ያየ ሰው፣ የማሰብ ደስታ ለሊቃውንት ብቻ የተሰጠ ነው ብሎ አይናገርም።

በሁለቱ ቀን ያየሁትን ሳሰላስለው ሦስት ነገር አብረው ቆመዋል፦ ትምህርቱ ከሌላ ሰው ይመጣል፤ ሐሳቡ ብቻን ሆኖ ይበስላል፤ የበሰለውም በሚያርም ሰው ፊት ይነገራል። እኛ ዘመነኞቹ የመጀመሪያውን አብዝተን ሁለቱን ጥለናል ብዬ አምናለሁ። ገጹን ጨርሰን ወደ ሌላ ገጽ እንሮጣለን። ያነበብነውን ይዘን ለብቻችን የምንቀመጥበት ሰዓት የለንም። «ወርቁ ወዴት አለ?» ብሎ የሚጠይቀንም የለም።

ከዚህ ዓይነቱ ጉባኤ ቤት የወጣው ሰው ብዙ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ቀስመው ነው በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት። የማኅበረሰቡን ሥርዓት እያሰላሰለ የሚጠይቀውን ሰው አገሬው «ጉዱ ካሣ» ብሎ እንደ እብድ ሲያየው የሚያሳዩን እሳቸው ናቸው። ዳንግላን በሚያዋስነው በአቸፈር የተወለደው አቤ ጉበኛም የቅኔ ተማሪ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ያወጣው «አልወለድም» ታግዷል። ቅኔ ቤቱ ትውፊት ጠባቂ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ግን ጥያቄ የሚጠይቁ ሰዎችንም ያወጣው ራሱ ነው።

ዳንግላ የሌላ አገር ሰውም አስቀምጣ ታውቃለች። ሜጀር ሮበርት ቺዝማን የተባለ እንግሊዛዊ ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. እዚሁ የአገሩ ቆንስል ሆኖ ኖሯል። የዓባይን ሸለቆ ተከትሎ ተጉዟል፣ የጣናን ደሴቶችና ገዳማት ዞሮ አይቷል። ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈው መጽሐፍ የታተመው ከዳንግላ ከወጣ በኋላ በ1936 እ.ኤ.አ. ነው። የመጣበትን ዓላማ ወዲያ እንተወውና፣ ባየው ነገር ላይ ያን ያህል ዓመት መቆየቱን አከብርለታለሁ። እኔ ሰንብቼ ብቻ መጻፌን ሳስበው ብዕሬ ይጠነቀቃል።

በዳንግላ ገበያ አጠገብ አንዲት የመጻሕፍት ሱቅ አለች፤ ትሸጣለች፣ ታከራያለች። መያዣ ተከፍሎ መጽሐፉ ይወሰዳል። በጋዜጣ የተለበደ፣ ጥጉ የተበላ «ፍቅር እስከ መቃብር» አገላበጥኩ። በየኅዳጉ የተለያየ ሰው እጅ ጽፏል። አንዱ በእርሳስ «ልክ ነው» ይላል፤ ከሥሩ ሌላው በሰማያዊ ቀለም «አይደለም፣ ደግመህ አንብበው» ብሎ መልሶለታል። የማይተዋወቁ አንባቢዎች በኪራይ መጽሐፍ ላይ ይተራረማሉ። ሱቁን የሚጠብቁት ጎልማሳ ይህን መጽሐፍ መጀመሪያ ያወቁት በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ፣ ከኢትዮጵያ ሬዲዮ መሆኑን ነገሩኝ። ጎረቤቱ አንድ ራዲዮ ከቦ ይሰማ ነበር፤ ትረካው ሲያልቅ ክርክሩ ይጀመራል። «አሁን ሁሉም በየስልኩ ነው፤ ማን ከማን ይከራከር?» አሉኝ።

ወደ እንጅባራ ተመልሼ አንድ ቤት ቡና ተጠራሁ። የቤቱ አባወራ ሰባውን ያለፉ ገበሬ ናቸው። ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል፤ አዊኛ ግን ከእነዚያ መካከል ስላልነበረ እሳቸው የተማሩት በአማርኛ ነው። የልጅ ልጃቸው የምትማረው በአዊኛ ነው። መጽሐፏን አምጥታ አጠገባቸው ቁጭ አለችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማንበብ ጀመረች። እኔ ሀ ሁ ስቆጥር ያልተማርኩት «ጘ» የሚባል ፊደል በገጹ ላይ ነበር። እሷ ያለ ችግር አለፈችው፤ እኔ ልሞክር ስል ሳቀችብኝና አስተማረችኝ።

ከመካከል አያቷ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት። በአዊኛ ጥቂት ተነጋገሩ። ምን እንዳሉ ስጠይቃቸው፣ «ቃሉን በትክክል አንብባዋለች ልጄ፤ ግን ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቃት አላወቀችውም። እኔ ነገርኳት» አሉኝ። የሰብል ስም ኖሯል፤ አሁን ብዙ የማይዘራ። ልጅቷ ዓረፍተ ነገሩን እንደገና አነበበችው። በዚህኛው ንባብ ድምፅዋ ረጋ ብሎ ነበር።

«ሌላ የምታነብቢው መጽሐፍ አለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት፤ በቋንቋዋ ማለቴ ነው። «ይኸው ነው» አለችኝ። በዳንግላም በእንጅባራም በገባሁባቸው ሱቆች በአዊኛ የተጻፈ የልጆች ተረት አላገኘሁም። በቋንቋዋ ፊደል ቆጥራ፣ በቋንቋዋ የሚነበብ ተረት የሌላት ልጅ ንባብን ከፈተና ጋር ብቻ አያይዛ ብታድግ ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

ከዚያ ጉዞ በኋላ፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ፣ ክልሉ ጦርነት ውስጥ ገብቶ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ይህን ስጽፍ ያቺን ልጅ አስባታለሁ። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ጊዜ ቤት ውስጥ ያለ አንድ መጽሐፍና የሚያዳምጥ አንድ አያት ትልቅ ነገር ናቸው፤ ትምህርት ቤቱን ባይተኩም ማሰብ እንዳይቋረጥ ያደርጋሉ።

ስለዚህ ልመናዬ ለአዊ ልጆች ነው፤ በአገር ቤትም፣ በአዲስ አበባም፣ በውጭም ላላችሁ። የፈረሰኞቹ ማኅበር ሰውን ከየወረዳው መሰብሰብ የሚችል ድርጅት ነው፤ በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲም ቋንቋውን የሚጽፉ ወጣቶች አይጠፉም። ሰላም ወርዶ ጥር 23 እንደ ልማዱ በሚከበርበት ሜዳ ጥግ ላይ አንድ ድንኳን ለልጆች መጽሐፍ ይተከል። ተረቱን የሚያውቁት አያቶች ዛሬ በሕይወት አሉ። እየሰማችሁ ጻፉት፤ አሳትሙት፤ ለልጆቹም መልሳችሁ ስጡ።