መርከብን ከዝናብ በፊት ስለ መሥራት

ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ስሕተቴ ነው። መምህር ስሕተቱን በአደባባይ ቢናገር ደቀ መዝሙሩ ይማርበታልና አላፍርም።

በ2009 ዓመተ ምሕረት፥ የፍልሰታ ጾም ከተፈታ በኋላ፥ ቀድሞ ከእኔ ዘንድ ቅኔ የተማረ፥ ዛሬ ግን በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት በሂውስተን ከተማ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋራ የሚኖር ሰው በስልክ ጠራኝ። «የኔታ፥ ሃርቪ የሚሉት ታላቅ ዐውሎ ነፋስ ከባሕር እየመጣብን ነው። ቤቴ ከወንዝ አጠገብ በምድር ቤት ነው፤ አንድ ወዳጄ በሦስተኛ ፎቅ ይኖራልና ወደ እርሱ ልሂድን?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም የዐውሎን ነገር ከመጽሐፍ በቀር አላውቀውም ነበርና፥ «ልጄ፥ ነፋስን የገሠጸ ጌታ ከአንተ ጋራ ነው፤ ዳዊትህን ድገምና በቤትህ ተቀመጥ» ብዬ መለስሁለት። እርሱም የመምህሩን ቃል አክብሮ ተቀመጠ።

ዐውሎው ነሐሴ 19 ቀን ወደ የብስ ወጣ። ነሐሴ 20 ለ21 አጥቢያ ሌሊት በሂውስተን ዝናቡ ያለ ልክ ወረደ፤ ውኃውም ወደ ቤቱ ገባ። ልጆቹን በጠረጴዛ ላይ አቁሞ ደግፎ አደረ፤ ሲነጋም የማያውቃቸው ሰዎች በታንኳ መጥተው አወጧቸው። በኋላ ይህን ሲነግረኝ አንድም የወቀሳ ቃል አልወጣውም፤ «ታናሺቱ ልጄ ግን ዝናብ በዘነበ ቁጥር ታለቅሳለች» አለኝ። ይህ ቃል ከወቀሳ ሁሉ በለጠብኝ። ስለዚህ ያላወቅሁትን ለማወቅ ተነሣሁ፤ የተማሩትን ጠየቅሁ፥ የተጻፈውንም አነበብሁ።

ዐውሎ እንዴት ይወለዳል ቢሉ፥ እናቱ የሞቀ ባሕር ነው። የባሕሩ ውኃ እስከ 50 ሜትር ጥልቀት ድረስ 26 ዲግሪ ተኩል ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሲሞቅ፥ በላዩ ያለው አየር እርጥበት ጠጥቶ ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ ቀዝቅዞ ደመናና ዝናብ በሆነ ጊዜ በእንፋሎቱ ውስጥ ተሰውሮ የነበረው ሙቀት ይለቀቃል፤ ያም ሙቀት አየሩን አብዝቶ ወደ ላይ ይገፋዋል። ከታች የአየሩ ክብደት ስለሚቀንስ በዙሪያው ያለው አየር ስፍራውን ሊሞላ ይሮጣል፤ ነገር ግን ምድር በዛቢያዋ ስለምትዞር ቀጥ ብሎ አይደርስም፥ ይጠማዘዛል እንጂ። የላይኛውና የታችኛው ነፋስ እጅግ የተለያየ እንደ ሆነ ገና ሳይጠና ይበተናል። በአትላንቲክ ባሕር ነፋሱ በሰዓት 119 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ሀሪኬን ይሉታል፤ በምዕራብ ፓስፊክ ታይፉን፥ በሕንድ ውቅያኖስ ሳይክሎን ይባላል፤ ስሙ ይለያያል እንጂ ባሕርዩ አንድ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን ዘሩ ነው። ከአትላንቲክ ሀሪኬኖች ብርቱዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት በክረምት ከአፍሪካ ወደ ምዕራብ ከሚጓዝ የአየር ማዕበል ነው። ሊቃውንቱ የዚህን ማዕበል መነሻ በዳርፉርና በኢትዮጵያ ደጋዎች አካባቢ ከሚወጣው ነጎድጓዳም ደመና ጋራ ያያይዙታል። በየዓመቱ 60 ያህል ማዕበል ያልፋል፤ የሚበዛውም ያለ ጉዳት ይጠፋል። ሃርቪም ከአፍሪካ ጠረፍ ከወጣ ማዕበል የተወለደ ነበር። እኛ አዝመራችንን በሚያበቅል ሰማይ ሥር ስንቀመጥ፥ የዚያው ሰማይ ሁከት ለባሕር ማዶ ወንድማችን መከራ ሊሆን እንደሚችል ባወቅሁ ጊዜ፥ ዐውሎን የሩቅ አገር ነገር ማለቴን ተውሁ።

ምርምር ከካህን የራቀ እንዳይመስለን፥ በኩባ በሀቫና ከተማ ቤኒቶ ቪኜስ የሚባል ካቶሊካዊ ካህን ነበረ። የደመናን አካሄድ ዓመት ከዓመት እየመዘገበ፥ በመስከረም 1868 ዓመተ ምሕረት ዐውሎ ሳይደርስ ለሕዝቡ በጋዜጣ አስታወቀ።

ዳግመኛም በዚያው በቴክሳስ ጋልቨስተን የምትባል በደሴት ላይ የተሠራች ከተማ አለች። በ1892 ዓመተ ምሕረት ጳጉሜን 3 ቀን፥ እኛ የቅዱስ ሩፋኤልን በዓል አክብረን በዝናቡ በምንጠመቅበት ዕለት፥ ዐውሎ ባሕሩን ከ4 ሜትር ተኩል በላይ አስነሥቶ አወጣባት፤ የከተማይቱ ከፍተኛ ስፍራ ግን 3 ሜትር አይሞላም ነበር። ከ6000 የማያንስ ሰው ሞተ፤ ብዙዎችም 8000 ይላሉ። በአንድ የሙት ልጆች ቤት 10 ደናግል መነኮሳት ሕፃናቱን በገመድ ከወገባቸው ጋራ አሰሩ፤ ከ90 ሕፃናት ጋራም አብረው ሰጠሙ፤ የተረፉት ሦስት ልጆች ብቻ ናቸው። እነዚያ ደናግል እምነት ጎደላቸውን? አይደለም። የጎደለው ግንብ ነው፥ በጊዜው የተነገረ ቃልም ነው። ከዚህ በኋላ የከተማይቱ ሰዎች 5 ሜትር የሚያህል ከፍታ ያለው የባሕር ግንብ ሠሩ፥ አሸዋ እየሞሉም ምድሪቱን ከፍ አደረጉ። በ1907 ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ሌላ ብርቱ ዐውሎ በመጣ ጊዜ በከተማይቱ የሞቱት እጅግ ጥቂቶች ሆኑ።

መሰናዶው ምንድር ነው ቢሉ፥ አስቀድሞ የቤትን ስፍራ ማወቅ ነው፤ ከነፋሱ ይልቅ ውኃው ይገድላልና፥ ውጡ በተባለ ጊዜ ሳይመሽ መውጣት ይገባል። ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 4 ሊትር ያህል ውኃ፥ ሳይበስል የሚበላ ምግብ፥ መድኃኒት፥ የእጅ ባትሪና ራዲዮን ማኖር፤ ወረቀትን ውኃ በማያስገባ ከረጢት መጠቅለል፤ መስኮትን በሳንቃ መምታት፤ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ጎረቤትን መጠየቅ ነው። በጎርፍ ውስጥ መኪና መንዳት፥ የኤሌክትሪክ ሞተርንም በቤት ውስጥ ማስነሣት ሞት ነው፤ ጢሱ ሳይታወቅ ይገድላል። ደግሞ በዐውሎው መካከል ዓይን የሚሉት ጸጥ ያለ ስፍራ አለ። ያ ጸጥታ ሰሙ ነው፤ ወርቁ ከኋላው ከሌላ አቅጣጫ የሚመጣው ነፋስ ነውና፥ አለፈ ብሎ የወጣ ይጠፋል።

አሁን ስሕተቴን አየሁት። ኖኅ በእምነቱ የተመሰገነው መርከብ በመሥራቱ ነው፤ የሠራውም ሰማዩ ሳይጠቁር ነው። ጌታችንም ከመቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር በተጠየቀ ጊዜ እንቢ አለ። እኔ ግን ልጄን ከጫፉ ላይ ተቀመጥ አልሁት፥ ምክሬንም እምነት ብዬ ጠራሁት።

በ2016 ዓመተ ምሕረት ሐምሌ 1 ቀን ቤሪል የሚሉት ዐውሎ ወደዚያው አገር ደረሰ። ገና በባሕር ላይ ሳለ፥ በዚህ ጊዜ አስቀድሜ የደወልሁ እኔ ነኝ። «ልጄ፥ ውኃ ቀዳህን? ጎረቤትህንስ ጠየቅህን?» አልሁት። እርሱም ሥቆ፥ «የኔታ፥ ሁሉ ተሰናድቷል፤ ታናሺቱ ባትሪውን ይዛ ቆማለች» አለኝ። በዚያን ጊዜ፥ «እንግዲያውስ አሁን ዳዊትህን ድገም» አልሁት።