የነጠላዋ ነጭ

አባቴ በመስከረም 1968 ዓ.ም. ያነሣቸው ስላይዶች በአንድ አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ቀርተውናል። እያንዳንዳቸው 24 በ36 ሚሊ ሜትር የሆኑ፣ ብርሃን ካላገኙ ምንም የማይናገሩ የኤክታክሮም ፊልም ቁራጮች ናቸው። በአንዷ ላይ እናቴ በአደይ አበባ መካከል ነጠላ ለብሳ ቆማለች። ዛሬ ሰባ አምስት ዓመቷ ነው፤ ዐይኗ ዓመት በዓመት ይደክማል። ሳይመሽ ላሳያት ፈለግሁ።

ኮምፒውተሬ በሊኑክስ ይሠራል። ስካነሩን ሴን ከተባለው ነጻ ሶፍትዌር ጋር አገናኝቼ ስላይዷን በኢንች 2400 ነጥብ አነበብሁ። ቀለሙን ራሱ እንዲያስተካክል ትቼለት ስለነበር የአደዩን ቢጫ እንደ ስሕተት ቆጥሮ አደበዘዘው።

እኔ የባንክ ጸሐፊ ነኝ። የአንድ ቼክ ፊርማ ትክክል መሆኑን የምናውቀው በውበቱ ሳይሆን፣ ባለ ሒሳቡ አስቀድሞ ከሰጠን ናሙና ጋር በማመሳከር ነው። ለካስ ቀለምም ናሙና አለው! አይቲ8 ይባላል፤ በፊልም ላይ የተደረደሩ፣ ዋጋቸው ተለክቶ በፋይል የተመዘገበ የቀለም ካሬዎች ናቸው። ራስ ገዝ እርማቱን ሁሉ ዘግቼ ናሙናውን አነበብሁ። አርጋይል የተባለው ነጻ ፕሮግራም ስካነሬ ያየውን ከተለካው ጋር አነጻጽሮ የስካነሩን ጠባይ የሚገልጽ ፕሮፋይል ሠራልኝ። ቅንብሩን ሳልነካ ስላይዷን ደግሜ አነበብሁና ፕሮፋይሉን አያያዝሁባት።

ቢጫው ተመለሰ። ነጠላው ግን ቀላ ብሏል። ስላይዷን በመስኮት ብርሃን ባያት እርሷም ያው ናት። ስካነሩ አልዋሸም፤ ከሃምሳ ዓመት ወዲህ የደበዘዘው ፊልሙ ነው። ፕሮፋይል የፊልሙን የዛሬ መልክ እንጂ የዚያን ቀን መልክ አያውቅም።

እናቴ ወደ ስክሪኑ ተጠግታ ብዙ ቆየች።

«ነጠላዬማ ነጭ ነበር» አለች። «እናቴ የፈተለችው።»

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ የበለጠ ናሙና ከየት ይመጣል? ነገር ግን በእኛ መዝገብ የተሳሳተ ቁጥር አይፋቅም፤ በሌላ ምዝገባ ይታረማል። ስለዚህ ዋናውን ፋይል በ16 ቢት፣ ከነመቅላቱ አስቀመጥሁት። በቅጂው ላይ ነጠላው እስኪነጣ ድረስ ቀለሙን አረምሁ። ፋይሉንም «እናቴ እንዳለችው» ብዬ ሰየምሁት።